የእትዬ የሺ አራት ገጽ

እትዬ የሺ ማረፋቸውን የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ናት። ቁጥሬን ያገኘችው ከእሳቸው ስልክ ነው። «ከስምዎ አጠገብ ‹የኮምፒውተሩ ልጅ› ይላል፤ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ከዚያ በኋላ ከተናገረችው ግማሹን አልሰማሁም። ሥራ ላይ ነበርኩ። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩና፣ የምታለቅሰውን ልጅ ማጽናናት ሲገባኝ ቀብሩ የት እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳት።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። ቡሬ ስደርስ ቀብሩ ካለፈ ቆይቷል። የደረስኩት ድንኳን ውስጥ ለመቀመጥ ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ፍኖተ ሰላም አብረን እንሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። «ታይፕ ይመቱ ነበር አሉ» አሉኝ። አዎ፣ ታይፕ ይመቱ ነበር አልኩ። ውሸት አይደለም። ግን መልሴ ሲጎረብጠኝ ዋለ። ለሰውየው ልንገራቸው ብል ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበርና እዚህ ልጻፈው።

ያወቅኳቸው ያኔ ሀገሪቱን ያስተዳድር የነበረው ግንባር ሥልጣን ላይ ሳለ፣ ግምገማና አንድ ለአምስት የየመሥሪያ ቤቱ የዘወትር ሥራ በነበሩበት ዘመን ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የገጠር መሬት ይዞታ መረጃ በሚያዝበት አንድ ቢሮ፣ ፍኖተ ሰላም ተመደብኩ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ጎጃምን ከዚያ በፊት አላውቀውም። የመጀመሪያ ቀን ዲግሪዬን በላስቲክ ማኅደር ይዤ ገባሁና ኮምፒውተሩን የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ወደ ጥጉ ጠቆሙኝ። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው አንዲት ሴት፣ ነጠላቸውን ወንበራቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ፊደል መምቻውን ሳያዩ በአሥር ጣታቸው ይጽፋሉ።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጀ» አሉኝ፤ «ስንጠብቅህ ነው የከረምነው።»

እየቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያውን ሶፍትዌር የጫነው ባለሙያ ዓመት ሳይሞላው ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል። ሌላ ሰው አልተተካም። ጸሐፊዋ እትዬ የሺ ከአንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መመሪያና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ጋር ቀሩ። በቀን አንድ ገጽ ያነባሉ። የማይገባቸውን ቃል በእርሳስ ያሰምሩና በማግስቱ ተመልሰው ያዩታል። መመሪያውን ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። እኔ ስደርስ ሦስተኛ ዙር ላይ ነበሩ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ራሳቸው የጻፉት ፕሮግራም ነው። የገበሬዎቹ ስም ወደ ኮምፒውተሩ የገባው በብዙ ሰው እጅ ነው። አንዱ ሠናይትን በንጉሡ ሠ ይጽፋል፣ ሌላው በእሳቱ ሰ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለቱን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ነው የሚያያቸው። ከጅጋ በእግሯ የመጣች ሴት፣ ስሟ መዝገቡ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ «የለሽም» ተብላ ትመለሳለች። እትዬ የሺ አባታቸው የድጓ መምህር ስለነበሩ ፊደሎቹን ከነማዕረጋቸው ያውቋቸዋል። ወራት ፈጅተው፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የለሽም ተብሎ የተመለሰ ሰው እንደሌለ የነገረኝ ጥበቃው ነው፤ እሳቸው አላወሩትም።

ፕሮግራሙን ከፍቼ ሳየው ሳቄ መጣ። በትንሽ መስመር የሚያልቀውን ነገር ገጽ በገጽ አድርገውታል። ላሳያቸው ብዬ በአንድ ከሰዓት አሳጥሬ ጻፍኩት። ሞከርነው፤ ሠራ። ቀጥለው ገብረ ማርያም የሚባል ስም ሰጡኝ፤ ገብረ እና ማርያም አንድ ላይ ተያይዘው የተጻፉበት ነው። የእኔው አጣው። አንድ ሌላ ስም ሰጡኝ፤ እሱንም አጣው። የእሳቸው ግን ሁሉንም ያገኛል። አልሳቁብኝም።

«የኔ የረዘመው እኮ» አሉኝ፣ «ሰዎቹ ብዙ ስለሆኑ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲግሪዬን ረሳሁት ብል ማጋነን ይሆናል። ግን ወንበሬን ወደ እሳቸው ጥግ አስጠጋሁ። ፕሮግራም እምቢ ሲለኝና ስበሳጭ «አልሰማን ይሆናል፤ ቀስ ብለን እንንገረው» ይሉኛል፤ እንደ ሰው ነበር የሚያስቡለት። የይዞታ ደብተር ከመስጠታቸው በፊት የባለቤቶቹን ስም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ የባልን፣ ቀጥሎ የሚስትን። ማንበብ የማይችል ሰው ስሙ መጻፉን በምን ያውቃል ይላሉ። ባለጉዳይ ተሰልፎ እኔ እንኳ ስቸኩል እሳቸው አንዱንም ስም አይዘሉም።

በሁለተኛው ዓመቴ የሶፍትዌሩ አዲስ ቨርዥን ሊወጣ ነው ተባለ። የሚሠራው አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ነው። የየዞኑ ፕሮግራመሮችና ባለሙያዎች ከዚያ በሚተላለፍ ቀጥታ ስርጭት ሦስት ቀን እንደሚሠለጥኑ፣ በመጨረሻም አስተያየታቸውን በቅጽ ሞልተው እንደሚልኩ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። የሥራ ሂደታችን ባለቤት አቶ ምሕረቱ የሠልጣኞቹን ዝርዝር እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። እትዬ የሺን ሁለተኛ ተራ ላይ ጻፍኳቸው። አቶ ምሕረቱ መደባቸው ጸሐፊ እንደሆነ አስታወሱኝ። እኔም የፍለጋውን ፕሮግራም የጻፈው ማን እንደሆነ አስታወስኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ፈረሙ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ሥልጠናው የተሰጠው ትልቅ ፕላዝማ በተሰቀለበት የስብሰባ ክፍል ነው። ከቡሬ፣ ከደምበጫና ከሌሎቹ ወረዳዎች የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የእኔ እኩዮች ናቸው። እትዬ የሺ ከሁሉ ፊት፣ ባለካሬ ደብተራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ፕላዝማው ላይ የሚታየው አሠልጣኝ ፈጣን ነው፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ ያደርገዋል። አጠገቡ ኮምፒውተሩን የምትነካካለት አንዲት ወጣት ሴት አለች፤ አንድም ቃል አትናገርም። ድምፁ ይቆረጣል፤ ሲመለስ ሰውየው ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ገብቷል። መብራት ይሄዳል፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ልጆቹ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እትዬ የሺ ግን ከወንበራቸው አይነሱም። ድምፅ የጠፋበትን ሰዓትና የተመለሰበትን ሰዓት፣ መሃል ላይ ያመለጠንን ርዕስ ደብተራቸው ላይ ይመዘግባሉ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አሠልጣኙ አዲሱን የባለይዞታ ቅጽ አሳየን። አምሮበታል፤ ቀለሙም አቀማመጡም የዘመነ ነው። ልጆቹ ወደዱት፤ እኔም ወደድኩት። እትዬ የሺ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ፕላዝማው ቀረብ ብለው ቆሙ። ከኋላቸው ያለው ልጅ እንዳይከለሉት በትሕትና ለመናቸው። ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልጻፉም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቢሮ እንድከተላቸው ጠየቁኝ። አዲሱ ቨርዥን ከመረጃችን ቅጂ ጋር ለሙከራ ተልኮልን ስለነበር ከፈትነው። አንድ መዝገብ እንዳወጣ ቁጥሩን በቃላቸው ነገሩኝ። ቡሬ አጠገብ የሚኖሩ የባልና ሚስት ይዞታ ነው። ሚስቲቱን አውቃታለሁ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትባላለች። ወገኗ አዊ ነው፤ ስትናገር አማርኛዋ ውስጥ አዊኛ ጣል ታደርግበታለች። በፊት ስሟ በስሕተት ጥሩነሽ ተብሎ ተጽፎ፣ ይህን ለማስተካከል ከመንደሯ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥታ ነበር። ለአንዲት ቃል ይህን ያህል መንገድ ለምን እንደመጣች ስጠይቃት፣ ባሏ ነገ ጥሩነሽ የምትባል ሴት ቢያገባ መሬቱ የዚያችኛዋ መሆኑ አይደለም ወይ ብላ ነበር የመለሰችልኝ። ሁላችንም ስቀናል፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

መዝገቡ ወጣ። እንዳትመው ጠየቁኝ፤ አተምኩት። የባል ስም አለ፤ የባል ፎቶ አለ። ሌላ የለም። በድሮው ቨርዥን ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እኩል ነበር የሚወጡት። በአዲሱ ግን «ባለይዞታ» የሚለው ቦታ አንድ ሆኗል። የሚስት ስም ከታች «ምርመራ» ወደሚባለው ሣጥን ወርዷል፤ እዚያ የተጻፈ ደግሞ ሲፈለግ አይገኝም፣ ሲታተምም አይወጣም። በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ የዞኑ መረጃ በሙሉ ወደ አዲሱ ሊዛወር፣ አሮጌው ሊዘጋ ተወስኗል።

ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት፤ እዚያ ይኖር እንደሆነ ብለው።

«ጥሩወርቅ የለችም» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአስተያየት ቅጾቹ ተበተኑ። አንድ ገጽ ናቸው፤ ከአንድ እስከ አምስት ክብ ማድረግ ነው፣ ከታች ሁለት መስመር ለአስተያየት ተትቷል። እትዬ የሺ ክቦቹን ሞልተው፣ ከጀርባው ከደብተራቸው የቀደዷቸውን አራት ገጾች በስፒል አያይዘው ሰጡኝ። አነበብኳቸው። ውብ የእጅ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ድምፅ ስለጠፋባቸው ሰዓታትና ስላመለጡን ትምህርቶች ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስለ ባለይዞታው ቅጽ ነው፤ ቅጹ እንዴት ቢስተካከል እንደሚሻል ሥዕል ሁሉ አለበት። አራተኛው የፊደሎቹን ፍለጋ እንዴት እንደሠሩት ያስረዳል፤ ለሌሎች ዞኖችም ቢጠቅም ብለው ነው። አንድ ክፉ ቃል የለበትም። ለድምፁ ጥራት ግን ከአምስት አንድ ሰጥተውታል።

ቅጾቹን ይዤ አቶ ምሕረቱ ዘንድ ገባሁ። የእትዬ የሺን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ባለፈው ሥልጠና ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠ አንድ ዞን «ለለውጥ ዝግጁ ያልሆነ» ተብሎ በስብሰባ መሃል ስሙ ተነስቷል፤ ኃላፊውም ከቦታው ተነስቷል። ሦስት ልጆች እንዳሏቸው ነገሩኝ፤ እኔ አልጠየቅኳቸውም ነበር። ከዚያም በቀስታ፣ ሁሉም ቅጽ አምስት አምስት እንዲሆን፣ የወይዘሮ የሺንም በአዲስ ቅጽ እንድሞላው፣ እሳቸውን በኋላ ራሳቸው እንደሚያነጋግሯቸው አስረዱኝ። በዚያው ሳምንት ስሜ ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል ሊላክ እንደሆነም ጨመሩበት። ማስፈራሪያ አላደረጉትም። ብቻ ጨመሩበት።

ሞላሁት። አዲስ ቅጽ ወስጄ ከላይ እስከ ታች አምስትን አከበብኩ፤ ከታች «እጅግ በጣም ጥሩ ሥልጠና ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ስማቸውንም ጻፍኩ። አራቱን ገጾች መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ከምሳ በፊት ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ከምሳ በኋላ እትዬ የሺ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ነገር ረስተው፣ እሱን ለመጨመር ነበር። ተልኳል አልኳቸው። አራቱም ገጽ መላኩን ጠየቁኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ስንት ሰጠሁ?» አሉኝ።

«አምስት።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«ለድምፁም?» አሉ።

አዎ አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው ግን አላደረጉትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በትሕትናቸው፣ ለልጅ እንደሚያዝን ሰው ሆነው ነው ያዩኝ።

«ልጀ፣ አለቃህን ፈርተህ ነው፤ ይገባኛል። ጥሩወርቅ ግን ምን አደረገችህ?»

 ከሰዓት በኋላ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ዞኖች በየተራ እንደሚናገሩ፣ የእኛን ክፍል ማይክ የምከፍተውና የምዘጋው እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ተራችን ሲደርስ እንዳልዘጋው ብቻ ለመኑኝ። ሌላ ምንም እንደማይጠይቁኝ ነገሩኝና ሄዱ።

ተራችን ደረሰ። አቶ ምሕረቱ ተነስተው አመሰገኑ፤ ሥልጠናው የተሳካ እንደነበር፣ ዞናችን በሙሉ አቅሙ ወደ ትግበራ እንደሚገባ ተናገሩ። ማይኩን ሲያስቀምጡ እትዬ የሺ ተነስተው አነሱት። አቶ ምሕረቱ ወደ እኔ ዞሩ። በዓይናቸው የማይኩን ማብሪያ ማጥፊያ አሳዩኝ። ጣቴ ላዩ ላይ ነበር። አንስቼ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። በሕይወቴ ካደረግኳቸው ነገሮች ትንሹ ይመስላል።

እትዬ የሺ ከምስጋና ጀመሩ። «ድምፁ በመጣ ጊዜ ሁሉ ብዙ ተምረናል» ሲሉ ክፍሉ ሳቀ፤ አሠልጣኙም ሳቀ። ከዚያ ስለ ቅጹ ጠየቁ። አሠልጣኙ ሌላው ስም ምርመራ የሚለው ቦታ ላይ ሊጻፍ እንደሚችል፣ ይህም ዲዛይኑን ቀላል ለማድረግ ታስቦ እንደሆነ አስረዳ። የእሳቸው መልስ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

«ምርመራ የሚለው ቦታ እኛ ዘንድ የሞተውን፣ የጠፋውን፣ የተከሰሰውን የምንጽፍበት ነው። በሕይወት ያለች ሚስት እዚያ ወርዳ ምን ታደርጋለች?»

አሠልጣኙ ጊዜ እንደሌለ ተናግሮ ወደሚቀጥለው ዞን ሊያልፍ ሲል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰችው ወጣት ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ እባክዎ ይቆዩኝ» አለች፤ «መዝገብ ቁጥሩን ይንገሩኝ።» እትዬ የሺ ነገሯት። ልጅቱ ጻፈች። የህትመቱ ገጽ በየዞኑ ፕላዝማ ላይ ወጣ፤ የአንድ ገበሬ ስም፣ የአንድ ገበሬ ፎቶ፣ አጠገቡ ባዶ።  ከዚያ ከሌላ ዞን አንድ ሰው፣ እነሱም ዘንድ እንደዚሁ እንደሆነ ተናገረ። ሌላም ተከተለ። ስርጭቱ ከሰዓቱ ቀደም ብሎ ተዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ግምገማ ተጠራ። እትዬ የሺ ከመደባቸው ወጥተው፣ ያልተሰጣቸውን ኃላፊነት ወስደው፣ የዞኑን ገጽታ አበላሽተዋል ተባለ። የአመለካከት ችግርም ተባለ። ቀጥሎ ማይኩ ለምን እንዳልተዘጋ ተጠየቀ። ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ የሺ ቀደሙኝ። እንዳልዘጋው ያዘዙኝ እሳቸው እንደሆኑ፣ ታላቄ ስለሆኑ እንደታዘዝኳቸው ተናገሩ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። አዎ ብዬ ተቀመጥኩ። የተቀየረውን ቅጽ ማንም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

ከሳምንታት በኋላ ወደ ቡሬ፣ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ሃያ ዓመት የኖሩባትን ከተማ ለቀው ሲሄዱ ዕቃቸውን አውቶቡሱ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ቡሬ እህታቸው እንዳለች፣ ለእህታቸውም እሳቸው እንደሚያስፈልጓት ደጋግመው ነገሩኝ፤ እኔን ለማጽናናት ነው። በዚያው ቀን ከመሳቢያዬ አራቱን ገጾች አወጣሁ። በማን ስም እንደምልካቸው አላውቅም። ፖስታው ላይ የድርጅቱን ስም፣ ከሥሩ «በሥልጠናው ጊዜ ኮምፒውተሩን ትነካካ ለነበረችው» ብዬ ጻፍኩና ፖስታ ቤት ሰጠሁ።

የመረጃው ማዛወር ለጊዜው ይቆይ ተባለ። ምክንያቱ አልተገለጸም። ወራት አልፈው የተስተካከለው ቨርዥን ሲመጣ ባለይዞታ የሚለው ቦታ ሁለት ሆኗል፤ እኩል፣ ጎን ለጎን፣ ልክ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንደተሣለው። ከዚያም በላይ ፍለጋው ሠናይትን በየትኛውም ሠ ብንጽፋት ያገኛታል። ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣው ማስታወሻ ለውጦቹ «በተጠቃሚዎች አስተያየት መሠረት» እንደተደረጉ ይላል። ያችን ወረቀት አትሜ ቡሬ ወረድኩ።

መዝገብ ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል። አንድ የተጣለ ኮምፒውተር ጠግነው ጥጉ ላይ ተክለዋል። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ደስ ሲላቸው ከንፈራቸውን የመንከስ ልማድ ነበራቸው፤ ያንን አደረጉ። ገጾቹ ለልጅቱ መድረሳቸውን አውቀው ኖሯል። ልጅቱ ስልካቸውን አፈላልጋ ደውላላቸዋለች፤ አንዳንዱን ነገር እየጠየቀቻቸው ነው የሠራችው። የላከውን ሰው ግን አታውቅም። እሳቸው ያውቃሉ።

ይቅርታ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ስለ ቅጹም፣ በግምገማው ስለ ዝምታዬም ተናገርኩ፤ ረዘመብኝ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ማይኩን አልዘጋኸውም» አሉኝ ስጨርስ፤ «አምስትም ሞላህልኝ። ሁለቱንም አልረሳሁም።»

ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን ያን ቀን አልገባኝም። ዛሬም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም። ብቻ ሁለቱንም በእኩል ድምፅ ነው የተናገሩት፤ አንዱን ለማባበያ፣ ሌላውን ለመውቀሻ አላደረጉትም። ሁለቱም እኔ እንደነበርኩ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ምን ባደርግ እንደሚሻል ጠየቅኳቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። ያደረግኩትን እንድጽፍ፣ አጭር እንዳደርገው፣ ምክንያት እንዳላበዛበት መከሩኝ። በእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩት። ሲያነቡት አንድ ዓረፍተ ነገር ሰረዙ፤ አቶ ምሕረቱ እንዳዘዙኝ የሚናገረውን ነው። የአቶ ምሕረቱን ራሳቸው ይጻፉት አሉኝ፤ ጻፉትም አልጻፉትም አላውቅም። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሴ ውስጥ አስገቡልኝ፤ እናት ልጇን ትምህርት ቤት ስትሰድ እንደምታደርገው። መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ፣ እናቴ ስለ መኖሯና አለመኖሯ ጠየቁኝ። ስለ ደብዳቤው ደግመው አላነሱትም።

በማግስቱ ደብዳቤውን ቢሮ አስገባሁት። ስጠብቀው የከረምኩት የትምህርት ዕድል ለሌላ ሰው ተላለፈ፤ ማኅደሬም ውስጥ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ገባ። ለእትዬ የሺ ደውዬ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ቡሬ እንድመጣ፣ ኮምፒውተራቸው አንድ ነገር አልሰማ እንዳላቸው ነገሩኝ። ሄድኩ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ እስክዛወር ድረስ ብዙ ቅዳሜዎችን እዚያ አሳለፍኩ። ያ ጠባብ ክፍል ከዩኒቨርሲቲው ይበልጥ አስተምሮኛል። ከተዛወርኩ በኋላ በየበዓሉ እንደዋወል ነበር፤ መታመማቸውን ግን አልነገሩኝም።

ማስጠንቀቂያው እስከ ዛሬ ማኅደሬ ውስጥ አለ። ሥራ በቀየርኩ ቁጥር ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰው እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል። ጓደኞቼ የድሮ ነገር ነው ብዬ እንዳልፈው ይመክሩኛል። እኔ ግን ፍኖተ ሰላም አንድ ቢሮ ውስጥ እትዬ የሺ የሚባሉ ፕሮግራመር እንደነበሩ እጀምራለሁ። አንዳንዱ መሃል ላይ ሰዓቱን ያያል። አላሳጥርለትም።